በትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ምን ይሳል?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ ርዕሰ መምህሩ የሚጽፈው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል። ስንት ተማሪ እንደተመዘገበ፣ ስንቱ እንዳለፈ፣ ምን እንደተሟላና ምን እንደጎደለ ይዘረዝራል፤ ከዚያም አመስግኖ ይሰናበታል። ዘንድሮ ያንን ዘገባ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ትቻለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ሥዕል ነው። በዚህ ሁሉ ችግር መካከል ስለ ሥዕል መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ ካለ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ ወር በተደረገው የወላጅ መምህር ኅብረት ስብሰባ አንድ አጀንዳ ሳይቋጭ ቀርቷል። ከበሩ ስንገባ ፊት ለፊት የምናገኘው ግድግዳ ተለስኖ ኖራ ተቀብቷል። ምን ይሳልበት? ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አባቶች በአብዛኛው የደገፉት የአድዋን ድል ነበር፤ ፈረስ፣ ጋሻ፣ ጦር፣ በግርጌው መጽሐፍና ችቦ። የትኛው ጀግና መሃል ላይ ይቁም በሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ያህል እንደተከራከርን በቦታው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ሁለተኛው ሐሳብ የመጣው ከሥነ ጥበብ ክበብ ነው። አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪያችን በእርዳታ ዘይት ካርቶን ላይ በከሰል የሣለችውን ይዘው ቀረቡ። ሥዕሉ ላይ ሰዎች በጀልባ ተከዜን ይሻገራሉ። በወዲህኛው ዳር ጀላቢያ የለበሰ ሱዳናዊ ገበሬ እጁን ዘርግቷል። በማዶ፣ ራቅ ብሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው ኮረብታ ላይ ቆሟል።

አንዲት እናት ሥዕሉን አይተው ተነሥተው ወጡ። እኔም ተነሥቼ፣ «ትምህርት ቤት ተስፋ የሚታይበት ቦታ ነው፤ ያለፈውን እንተወው» አልኩ፤ ድምፄንም ለአድዋው ሰጠሁ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ። ክረምቱን ሙሉ ሳስብበት ቆይቼ አሁን ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። የቀየርኩበትን ምክንያት ለሁላችሁም ማስረዳት አለብኝ።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም፤ የተማርኩት የማስተማር ሙያ ነው። ነገር ግን የታሪክ ትምህርት ስናስተምር ስለ ፈረንሳይ አብዮት እናነሳለን፤ በዚያ ዘመን የተሣሉ ጥቂት ሥዕሎችም ስልኬ ላይ አሉ። ክረምቱን ደጋግሜ ያየኋቸው እነርሱን ነው። የእኛ የግድግዳ ክርክር አዲስ እንዳልሆነ፣ ከ200 ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ፣ ከ50 ዓመት በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ እንደተደረገ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ቀጥ ብለው የቆሙ ሰዎች

ከእሳተ ገሞራ አመድ ሥር ተቀብራ የኖረችው የፖምፔ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1748 ጀምሮ እየተቆፈረች ስትወጣ፣ አውሮፓ በጥንታዊ ሮምና ግሪክ ፍቅር ተያዘ። ሠዓሊዎችም የጥንቱን ሥርዓት፣ ልክና ጨዋነት ወደ ሸራቸው ለመመለስ ተነሡ። አሣሣላቸው ኒዮክላሲካል ይባላል፤ ጥንታዊውን እንደገና ማደስ እንደማለት ነው። መስመሩ ንጹሕ ነው፣ ሰው ሁሉ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከስሜት ይልቅ ግዴታ ይገዛል።

የዚህ አሣሣል መሪ ዣክ ሉዊ ዳቪድ ነበር። አብዮቱ ሊፈነዳ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1784፣ «የሆራቲያውያን መሐላ» የተባለውን ሥዕል ሣለ። ሦስት ሮማውያን ወንድማማቾች እጃቸውን ዘርግተው ለአገራቸው ሊሞቱ ይምላሉ። አባታቸው ሦስት ጎራዴ ከፍ አድርጎ ይዟል። ከበስተጀርባ ሦስት ቅስቶች አሉ። ሁሉም ነገር የተለካ ነው። ሥዕሉን ያየ ሰው ራሱ ቀጥ ብሎ መቆም ያምረዋል።

ለተማሪዎቼ ግን ሁልጊዜ «ጥጉን እዩ» እላቸዋለሁ። በቀኝ ጥግ ሴቶች ተደፍተው ያለቅሳሉ። አንደኛዋ የወንድማማቾቹ እህት ናት፤ የታጨችው ደግሞ ሊገድሏቸው ከሚሄዱት ከተቃራኒዎቹ ወገን ለአንዱ ነው። ሌላዋ ከዚያው ወገን ተወልዳ ወደ እነዚህ ቤት የተዳረች ናት። ማንም ቢያሸንፍ እነርሱ ሐዘን አይቀርላቸውም። በእኛ አካባቢ በዚህና በዚያ ወገን የተዋለዱ፣ የተጋቡና አበልጅ የሆኑ ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። ዳቪድ ሴቶቹን አልረሳቸውም፤ ነገር ግን ጥግ ላይ አስቀመጣቸው። መሃሉ የመሐላው ነው።

ያንን ሥዕል ያዘዘው የንጉሡ አስተዳደር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን አብዮተኞቹ የእኛ ነው አሉት። ዳቪድም አብዮተኛ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1793 ንጉሡ እንዲገደል ድምፅ ከሰጡት አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የተገደለውን አብዮተኛ ማራን እንደ ሰማዕት አድርጎ ሣለው። ቀጥሎ ራሱ ታሰረ። ከእስር ወጥቶ ደግሞ የናፖሊዮን ሠዓሊ ሆነ፤ ናፖሊዮን የአልፕስን ተራራ ሲሻገር በሚዘል ፈረስ ላይ አድርጎ ሣለው። ናፖሊዮን ግን ተራራውን የተሻገረው በበቅሎ ነበር። ለአገራችን ሰው ይህ አያስገርምም፤ ለዳገት በቅሎ እንደሚሻል እናውቃለን። ናፖሊዮን ሲወድቅ ዳቪድ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1825 ብራስልስ ውስጥ ሞተ።

ዳቪድን ልንቅ አይደለም ይህን የምነግራችሁ። እጁ ድንቅ ነበር። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመርና የጀግና አቋም ለንጉሥም፣ ለአብዮትም፣ ለንጉሠ ነገሥትም እኩል ያገለግላል። ማን ሥልጣን እንደያዘ ይጠይቅና ይቆምለታል።

ታንኳው ላይ የነበሩት

ሁለተኛው አሣሣል ሮማንቲክ ይባላል። ልጆች፣ ይህ ቃል በስልክ ላይ ከምታዩት የፍቅር ፊልም ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ ሰው የሚሰማውን ሁሉ፣ ፍርሃቱን፣ ተስፋውን፣ ንዴቱንና ሐዘኑን ከሥርዓትና ከልክ ፊት የሚያስቀድም ማለት ነው። ከአብዮቱ ደም መፋሰስና ከናፖሊዮን ጦርነቶች በኋላ ያደጉ ወጣቶች ቀጥ ብሎ የቆመ ጀግና ሰልችቷቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1816 «ሜዱሳ» የተባለች የፈረንሳይ መርከብ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ከአሸዋ ደለል ጋር ተጋጭታ ቆመች። ካፒቴኑ ለ20 ዓመት ያህል መርከብ ያልነዳ፣ በወገን የተሾመ ሰው ነበር። ጀልባዎቹ ለሁሉም አልበቁም። ወደ 147 የሚሆኑ ሰዎች በችኮላ ከግንድና ከሳንቃ በታሰረ ታንኳ ላይ ተጫኑ። በጀልባ ላይ የነበሩት ታንኳውን ይጎትቱበት የነበረውን ገመድ ለቀቁት። ከ13 ቀን በኋላ ሌላ መርከብ ሲያገኛቸው በሕይወት የቀሩት 15 ነበሩ።

ቴዎዶር ዤሪኮ ገና 30 ዓመት ያልሞላው ወጣት ነበር። ከተረፉት ሰዎች ሁለቱን ቁጭ አድርጎ ጠየቀ፤ የታንኳውን ምሳሌ በትንሹ አሠራ። ከዚያም ቁመቱ ወደ 5፣ ስፋቱ ወደ 7 ሜትር በሆነ ሸራ ላይ ሥሎ እ.ኤ.አ. በ1819 ፓሪስ ላይ አሳየ። እስከዚያ ድረስ ያን የሚያህል ሸራ የሚሰጠው ለነገሥታት፣ ለጦር ድልና ለቅዱሳን ነበር። ዤሪኮ ስማቸው ለማይታወቅ፣ መንግሥት ለረሳቸው ሰዎች ሰጠው። ከሁሉም በላይ፣ በሰዎቹ ክምር ጫፍ ላይ ቆሞ ጨርቅ የሚያውለበልበው ጥቁር ሰው ነው። ይህን ሥዕል ለ8ኛ ክፍል ባሳየሁበት ቀን ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚህ ተነሥተው ወደ ሊቢያና ወደ ባሕሩ የሄዱ ወንድሞች ያሏቸው ልጆች ናቸውና።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በታንኳው ላይ ብዙ አስከፊ ነገር ተፈጽሟል፤ መጋደል ነበር፣ ከዚያም የከፋ ነበር። ዤሪኮ ያንን ሁሉ ያውቅ ነበር። ለሸራው የመረጠው ግን መርከብ በሩቅ የታየበትን ቅጽበት ነው። ሙታኑ ከታች አሉ፤ አልደበቃቸውም። የሰዎቹ እጅ ግን ወደ ላይ ነው። እውነቱን መናገርና ሁሉንም መናገር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የእኛው አገር አብዮት

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። በዚያው ዘመን አፈወርቅ ተክሌ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን የሚያሳዩ ታላላቅ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕሎች ሠሩ። ሰው በዚያ ሥራ ውስጥ ታላቅና የተከበረ ነው፤ ችቦም አለ። አገር ራሷን በክብር የምታይበት መስተዋት ያስፈልጋታል፤ እኔም ያንን ሥራ በኩራት ነው የማነሣው።

ነገር ግን በ1965 እና በ1966 ወሎና ትግራይ በረሃብ ሲያልቁ፣ ያንን የሚያሳይ መስተዋት አልነበረም። ነገሩ ተሸሽጎ ነበር። እሸቱ ጥሩነህ የተባለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጣት በአብዮቱ ዋዜማ የረሃቡን ሰለባዎች ሣለ። የተራበ ገበሬ እስከዚያ ድረስ የነገሥታትና የቅዱሳን የነበረውን ሰፊ ሸራ አገኘ። ዤሪኮ ፓሪስ ላይ ያደረገውን የእኛው ልጅ አዲስ አበባ ላይ አደረገው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ተቀናብሮ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

እንግዲህ ሥልጣን የያዙት ሰዎች የተራበ ሰው ምስል ምን ያህል ኃይል እንዳለው በሚገባ ያውቁ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል በኋላ የፈሩት። ከዚያ በኋላ በአደባባዩ የቆሙት የማርክስ፣ የኤንግልስና የሌኒን ምስሎች ነበሩ። የተጨበጠ ቡጢ፣ ማጭድና መዶሻ፣ ደረቱን የነፋ ወታደር፣ ነዶ የታቀፈች ጠንካራ ገበሬ። ቀጥ ያለው መስመር ተመልሶ መጣ። በመስከረም 1977 አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ በሰሜን ኮሪያ ድጋፍ የተሠራውና ቁመቱ ወደ 50 ሜትር የሚደርሰው የትግላችን ሐውልት ተመረቀ። በዚያው ዓመት አገሪቱ ከ1966ቱ የባሰ ረሃብ ውስጥ ነበረች።

በዚያው ዓመት ኡም ራኩባም ነበረች። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ይህ ካምፕ በኅዳር 2013 የተጀመረ ይመስላችኋል፤ ያን ጊዜ እንደገና ተከፈተ እንጂ አዲስ አልነበረም። በ1977 ከረሃብና ከጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን እዚሁ መሬት ላይ ሰፍረው ነበር። ከጎንደር አካባቢ በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ኢየሩሳሌም ለመሻገር ሲጠባበቁ በበሽታ ያለቁት እዚሁ ነው። በአዲስ አበባ የድል ሐውልት ሲመረቅ፣ እዚህ መቃብር ይቆፈር ነበር።

እኔ በዚያ ዓመት የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እጄ ለሥዕል ይታዘዝ ስለነበር የበዓሉን ሥዕል እንድሥል ተመረጥኩ። የሌኒንን ጢም ለማሳመር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ተሸለምኩም። በዚያው ሳምንት በከተማችን አውቶቡስ ማቆሚያ ከገጠር የመጡ የከሱ ሰዎች መሬት ላይ ተኝተው ነበር። በየቀኑ በአጠገባቸው አልፌ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። እነርሱን መሣል ግን በሐሳቤ እንኳ አልመጣም። ማንም አልከለከለኝም፤ መከልከል ሳያስፈልግ ነው የተውኩት። የሚሣል ነገርና የማይሣል ነገር እንዳለ ግድግዳው ሁሉ አስተምሮኝ ነበር። ግድግዳ መምህር ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። ልጆቻችን በየጠዋቱ በዚህ በር ሲገቡ የትኛው ነገር መታየት እንደሚገባውና የትኛው ጥግ ላይ እንደሚቀር ከግድግዳው ይማራሉ።

ስለ ዘመኑ ሠዓሊዎች ካነሣን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ማለፍ አይቻልም። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ሠራ። ቀለሙ ራሱ ቁስል ነው፤ ማንም እንዲሰለፍበት አያዝም። «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙን ከእናንተ በቃሉ የማያውቅ ጥቂት ነው። ያ ሰው በደርግ ጊዜ ተሰድዶ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አረፈ። ስለ አገር እንዲያ የጻፈ ሰው አፈር የቀመሰው በሰው አገር ነው።

ለሁለት ተቃውሞዎች መልስ

አባቶች እንዲህ ይሉኛል፤ «ልጅ ጀግና ማየት አለበት። ስደተኛ መሆኑን ከጠዋት እስከ ማታ ያየዋል፤ ግድግዳም ይጨምርበት?» ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። የአድዋን ሥዕል እወዳለሁ፤ በመማሪያ ክፍልም ይሰቀል እላለሁ። ነገር ግን የተማሪያችንን ሥዕል እንደገና እዩት። ጀልባውን የሚቀዝፈው ልጅ ከ14 ዓመት አይበልጥም። አንዲት ሴት የራሷን አዝላ የሌላ ሰው ሕፃን ታቅፋለች። እነዚህ ጀግና ካልሆኑ ማን ነው ጀግና? ዕድሜያቸውና ልብሳቸው ከእኛ ልጆች ጋር አንድ ስለሆነ ብቻ ነው ያላወቅናቸው። ደግሞም ስለ ድሉ ጀግና ስንከራከር አንድ ሰዓት ፈጀን፤ ስለ ጀልባዋ ሴት ግን ማንም አልተከራከረም። ሁሉም ያውቃታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእናቶች ነው፤ «ያንን ቀን በየጠዋቱ አታሳዩን።» ለዚህ መልስ ለመስጠት እኔ ሥልጣን የለኝም ብዬ፣ ከስብሰባው ወደ ወጡት እናት ራኩባ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እርሳቸው ግን እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ ሥዕሉ አልከፋኝም። ሥዕሉ ፊታችሁ ተቀምጦ ስለ ቀለም ዋጋ ስትጨቃጨቁ ነው መቀመጥ ያቃተኝ።» ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «የምትሥሉት ከሆነ ውኃው ውስጥ ሰው እንዳትሥሉ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ዤሪኮ ከብዙ ጥናት በኋላ የደረሰበትን እርሳቸው ቡና እየቀዱ ተናገሩት። የሥዕሉ ቅጽበት መሻገሪያው ይሁን፤ ከዚያ ያለፈው የየቤቱ ነው።

ስለ ሁለት ዓይን

እስካሁን ሁለተኛውን አሣሣል አመስግኛለሁ። አደጋውንም መናገር ይገባኛል፤ ስሜት ታማኝ ምስክር የሚሆነው ሁልጊዜ አይደለምና።

ስፔናዊው ጎያ እ.ኤ.አ. በ1814 የሣለው የግድያ ሥዕል አለ። በ1808 የናፖሊዮን ወታደሮች የማድሪድን ሰዎች ሲረሽኑ ያሳያል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እጁን ዘርግቷል፤ ፊቱ ላይ ያለው ድንጋጤ አይረሳም። የወታደሮቹ ፊት ግን አይታይም፤ ጀርባቸውን ብቻ ነው የምናየው። ደላክሯ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1822 በኪዮስ ደሴት በቱርኮች የተጨፈጨፉትን ግሪኮች በ1824 ሣለ። ሥዕሉ አውሮፓን አስለቅሷል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ግን፣ በ1821፣ ግሪኮች ትሪፖሊጻ የተባለችውን ከተማ ሲይዙ ሙስሊምና አይሁድ ነዋሪዎቿን ፈጅተው ነበር። ደላክሯ ያንን አልሣለም። እውነት ሣለ፤ ግን ግማሹን። በግማሽ እውነት ያለቀሰ ሰው ለበቀል ሊነሣ ይችላል።

እኛም ጋ ይህ ልማድ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎቹና አጋንንት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአድዋ ሥዕሎችም ይህንኑ ይከተላሉ፤ የእኛ ሰው ፊት ለፊት፣ ጣሊያኑ በጎን ነው። ለቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይህ የራሱ ትርጉም አለው፤ በዚያ ላይ ቃል የለኝም። ነገር ግን የዛሬ ልጆች ጎረቤታቸውን በአንድ ዓይን መሣል ከለመዱ የሚከተለውን እናውቀዋለን። እዚህ የመጣነው በዚያ ምክንያት ነውና።

የተማሪያችንን ካርቶን ደግሜ ሳይ ያስተዋልኩት ይህን ነው። በኮረብታው ላይ የቆመው ባለ ጠመንጃ ሰው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ሙሉ ፊት አለው፣ ሁለት ዓይንም አለው። ጠርቼ ጠየቅኳት፤ «ይህን ሰው ለምን እንዲህ ሣልሽው?» «አይቼዋለሁ፤ ሁለት ዓይን ነበረው» አለችኝ። ለምን ብዬ እንደገና መጠየቅ አልቻልኩም። ይቅር ብላው ይሁን አላውቅም፤ ጉዳዩም የእኔ አይደለም። ያየችውን ሣለች። ጎያና ደላክሯ የሳቱትን ይህች ልጅ አልሳተችም።

የማቀርበው ሐሳብ

ስለዚህ በመስከረም ስብሰባችን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የበሩ ግድግዳ ለተማሪያችን ሥዕል ይሰጥ፤ እርሷና ወላጆቿ ከፈቀዱ ብቻ። ስሟ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚለውንም እርሷ ትወስን።

ሁለተኛ፣ ሥዕሉ በሥርዓት ይሠራ። ካርቶኑ ላይ እኩል ካሬዎች ይሰመሩ፤ ግድግዳውም ላይ በዚያው ቁጥር ትላልቅ ካሬዎች ይሰመሩ፤ ተማሪዎች እያንዳንዱን ካሬ አሳድገው ይገልብጡ። የሒሳብ መምህራችን ምጥጥንን በዚህ ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። የዳቪድን ልክና መስመር አልጣልኩም፤ ስሜት ያለ ልክ ግድግዳ ላይ አይቆምም። ልኩ ግን ለእውነቱ ያገልግል።

ሦስተኛ፣ ውኃው ውስጥ ሰው አይሣል። ያቺ እናት የጠየቁት ይህ ነው፤ ውሳኔ ሆኖ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

አራተኛ፣ እጁን የዘረጋው ሱዳናዊ ገበሬ በደንብ ይታይ። በመጣን ጊዜ የዚህ አገር ገበሬዎች ማሽላቸውንና ውኃቸውን አካፍለውናል። ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ጦርነት በእነርሱም ላይ መጥቶ ስንቶች ተፈናቅለዋል። ምስጋናችንን በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን መንገደኛ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ብናኖር ደግ ነው።

ይህ ሐሳብ የእኔ ነው፤ ኅብረቱ ሌላ ቢወስን እቀበላለሁ። የአድዋው ሥዕል ቢያሸንፍም ቀለሙን እኔው እበጠብጣለሁ። ብቻ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ስንወስን ሥዕሉ መሃላችን ይቀመጥ፤ ስለ ቀለም ዋጋ የምንነጋገረው ግን ሥዕሉ ከተነሣ በኋላ ይሁን።

ልጆቼ፣ በዚህ ዓመት ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዱ ይሆናል። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የትም ብትሄዱ ግን ሰው ስለ እናንተ ሥዕል ይሥላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይጽፋል። አንዳንዱ ቀጥ ብላችሁ እንድትቆሙ ያዛችኋል፤ አንዳንዱ እንድታለቅሱ ይፈልጋል። ያያችሁትን እናንተው ሣሉ፤ የማንንም ዓይን ግን አታጉድሉ።

መልካም የትምህርት ዘመን ይሁንላችሁ። ሰላሙን ያምጣልን።